የኔትዎርክ መዘግየትና የወረፋ ነገር

በአሁኑ ጊዜ በተቋማችን ከምግብ ቤቱ ወጥ ቀጥሎ ብዙ የሚነገርለት ጉዳይ ቢኖር የኔትዎርክ መጎተት ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን በሁላችንም ስልክ ላይ ያቺ ክብ ምልክት ትሽከረከራለች፤ መልእክት አይሄድም፤ መምህራን የላኩልን ጽሑፍ አይከፈትም። ይህንኑ ችግር ለማቃለል በማሰብ አንዳንድ ጓደኞቻችን በነፍስ ወከፍ ገንዘብ አዋጥተን የሚበልጥ ፓኬጅ እንግዛ ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ አሮጌውን ራውተር ጥለን አዲስ እናምጣ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ከቅን ልቡና የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከመዋጣቱ በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት እንላለን። ይኸውም የሚያዘገየን የመስመሩ ጥበት ነው ወይስ የወረፋው አያያዝ? የሚለው ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው፤ የአንደኛው መድኃኒት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

በመጀመሪያ ስለ ሣጥኗ ጥቂት እንበል። ግድግዳ ላይ ተሰቅላ መብራቷን የምታብለጨልጨው ራውተር ተራ ማገናኛ ሳትሆን ራሷን የቻለች ኮምፒዩተር ነች። ስክሪንና የጽሕፈት ገበታ የላትም እንጂ ፕሮሰሰርም ሜሞሪም አላት። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች ውስጥ ተተክሎ የሚሠራውም ሊኑክስ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሲሆን በዚያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። (ከእኛ መካከል በዚሁ ዕድሜ ያለን ብዙዎች ነን፤ እኛ ግን ገና የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ ላይ ነን።) በኪሳችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክም ቢሆን መሠረቱ ይኸው ሊኑክስ ነው።

የሊኑክስ ዋናው ጥቅም ግልጽ መሆኑ ነው። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ ደብልዩ-አር-ቲ-54-ጂ በሚል መጠሪያ የሸጠው ራውተር የሚሠራው በሊኑክስ ነበር። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ፕሮግራሙን አሻሽሎ የሚሸጥ ሁሉ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለተጠቃሚው እንዲሰጥ ስለሚያስገድድ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2003 ጽሑፉን ይፋ አደረገ። ከዚህም ተነሥተው በልዩ ልዩ አገር ያሉ ባለሙያዎች በ2004 ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የተባለውን ነፃ የራውተር ፕሮግራም ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ደብልዩ-አር-ቲ-54-ጂ የነበራት ፕሮሰሰር 125 ሜጋ ኸርዝ፣ ሜሞሪዋ 16 ሜጋ ባይት፣ ማከማቻዋ 4 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶግራፍ ብቻውን ያንን ማከማቻ ሊሞላው ይችላል። እንግዲህ እንዲህ ባለች ትንሽ መሣሪያ የብዙ ሰው ኔትዎርክ እንዲሄድ ከተፈለገ እያንዳንዱ ነገር በቁጠባ መሠራት አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ስለ ኔትዎርክ «ፍጥነት» ስንናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እየጠራን ነው። አንደኛው በአንድ ሴኮንድ ምን ያህል ያልፋል የሚለው ነው፤ ይህ የመንገዱ ስፋት ነው። ሁለተኛው አንድ ነገር ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ መዘግየት ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ በስኩልኔት አማካይነት ትምህርቱ በሳተላይት ይሠራጭ ጀመር። ሳተላይቱ የሚገኘው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሥርጭቱ የአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ሥዕሉ ሩብ ሴኮንድ ቢዘገይ ማንም አያውቀውም። (የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ማለፉ በተማሪ ዘንድ የታወቀ ቀልድ ነበር።) በዚያው ሳተላይት ኢንተርኔት ስንጠቀም ግን ነገሩ ይለወጣል። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል፤ መንገዱ አራት ጊዜ ነው። ርቀቱ 143,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ቢኬድ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። መስመሩን የፈለገውን ያህል ብናሰፋው ይህቺ ግማሽ ሴኮንድ አትቀንስም። እንግዲህ ስፋትና መዘግየት ይለያያሉ የምንለው ለዚህ ነው።

የእኛ መስመር የሳተላይት አይደለም፤ የሞባይል ነው። ታዲያ ማታ ማታ ከሳተላይት ብሶ የሚዘገየው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ገለጉ ያለ ወፍጮ ቤት እናስብ። አንድ ነጋዴ 20 ኩንታል ማሽላ በጋሪ ጭኖ መጣና ጆንያዎቹን በሙሉ ደረደራቸው። ከኋላው አንዲት ልጅ ለእራት የምትሆን አንድ ሳህን ማሽላ ይዛ ቆመች። ወፍጮው ምንም አልቀነሰም፤ በሰዓት የሚፈጨው ያው ነው። የልጅቷ ቤተሰብ ግን ጦሙን ያድራል። ባለ ወፍጮው የበለጠ ለማስተናገድ አስቦ ግቢውን ቢያሰፋውስ? ብዙ ጆንያ ይቆለላል፣ ወረፋው ይረዝማል፣ ልጅቷ ይበልጥ ትዘገያለች። በራውተር ውስጥ የሚሆነው ልክ ይኸው ነው። ቪዲዮ የሚያወርደው ወይም ፎቶግራፍ የሚልከው ጓደኛችን ባለ 20 ኩንታሉ ነው፤ «ነገ ስንት ሰዓት ነው ፈተናው?» የምትለው አጭር መልእክት ሳህን የያዘችው ልጅ ነች።

በቁጥር እንየው። ኔትዎርክ ላይ የሚጓዘው ነገር ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ይከፋፈላል፤ የአንዱ ከፍተኛ መጠን አብዛኛውን ጊዜ 1500 ባይት ነው። ሊኑክስ ለአንድ መስመር በተለምዶ ይሰጥ የነበረው የማቆያ ቦታ ደግሞ የ1000 ፓኬት ነው። 1000 ጊዜ 1500 ባይት 1.5 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ በቢት 12 ሚሊዮን ነው። ወደ ውጭ የምንልክበት መስመር በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት ብቻ ከሆነ ማቆያው ሲሞላ ከመጨረሻ የገባችው መልእክት 12 ሴኮንድ ትጠብቃለች! ከሳተላይቱ ግማሽ ሴኮንድ ጋር አነጻጽሩት። ማቆያው የተተለመው ሰፋ ላሉ መስመሮች ነበር፤ በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት በሚያልፍበት ላይ ያው ወረፋ 0.12 ሴኮንድ ብቻ ነው የሚፈጀው።

ለመሆኑ ላኪው ኮምፒዩተር መንገዱ መጣበቡን አያውቅም ወይ? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የሚያውቀው ፓኬት ሲጠፋበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል በነበረው አጭር መስመር ላይ፣ በሴኮንድ 32,000 ቢት ያልፍ የነበረው ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። ሁሉም ያለ ልክ ስለሚልክና የጠፋበትንም መልሶ ስለሚልክ መንገዱ ታንቆ ነበር። ከዚህ በኋላ ቫን ጃኮብሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ ዘዴ ይፋ አደረገ። ላኪው ቀስ እያለ ይጨምር፤ ፓኬት ሲጠፋበት መንገዱ ሞልቷል ብሎ ይቀንስ የሚል ነው። ኢንተርኔት እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ነገር ግን ማቆያው ከመጠን በላይ ከሰፋ ፓኬት ቶሎ አይጠፋም፤ ላኪው ምልክቱን ስለማያገኝ ይጨምራል፤ ወረፋው ያብጣል። ጂም ጌቲስ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ይህንን የማቆያ እብጠት በቤቱ መስመር ላይ መርምሮ፣ በዓለም ዙሪያ በየራውተሩ ውስጥ ያለ በሽታ መሆኑን ሲያስረዳ ብዙ ባለሙያዎች ተገርመዋል። ዕቃ አምራቹ ሁሉ ሜሞሪ ስለረከሰ ብቻ ማቆያ ሲያሰፋ ኖሯል።

መድኃኒቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ካትሊን ኒኮልስና ያው ቫን ጃኮብሰን ኮደል የተባለውን ስልት አቀረቡ። ኮደል የወረፋውን ርዝመት አይቆጥርም፤ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ፓኬት ስንት ጊዜ ቆመ ብሎ ነው። ለ100 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ከ5 ሚሊ ሴኮንድ በታች የቆየ አንድም ፓኬት ካልተገኘ፣ ወረፋው ሥር ሰድዷል ማለት ስለሆነ አንዱን ፓኬት ይጥላል። መጣሉ ጥፋት አይደለም፤ ላኪው ያንን ፓኬት ደግሞ ይልከዋል፤ «ቀስ በል» መባሉንም ይረዳል። በዚያው ዓመት ኤሪክ ዱማዜ ይህንን ከተራ አሰጣጥ ጋር አዋሕዶ ኤፍ-ኪው-ኮደል የተባለውን በሊኑክስ 3.5 ውስጥ አስገባ። በወፍጮ ቤቱ ቋንቋ ስናስቀምጠው፦ አንድ ረጅም ሰልፍ መሆኑ ቀርቶ ለየባለ ጉዳዩ የየራሱ ሰልፍ ይሰጣል፤ ከየሰልፉ በተራ ጥቂት ጥቂት ይፈጫል፤ ሳህን ብቻ ይዞ የመጣ ቶሎ ይስተናገዳል። ባለ 20 ኩንታሉ የሚያጣው አንድ ሳህን የሚፈጅበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ አይጎዳም።

ብልጥ ሰው ግን አይጠፋም። ማሽላውን ለአሥር ልጆች አከፋፍሎ አሥር ቦታ ቢሰለፍስ? አንዳንድ የማውረጃ ፕሮግራሞች ይህንኑ ነው የሚያደርጉት፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ግንኙነት ይከፍታሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሊኑክስ 4.19 ውስጥ የገባው ኬክ የተባለው ስልት ለዚህም መልስ አለው። በቅድሚያ በሰው፣ ማለትም በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ፣ ያከፋፍላል፤ ከዚያ በኋላ ነው በየግንኙነቱ የሚከፋፈለው። ለእኛ ዓይነቱ የጋራ መስመር በበኩላችን የምንመርጠው ይህንን ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ትልቅ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ሥርዓቱን ማስያዝ የሚቻለው ወረፋው ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ወረፋው ያለው ሞደሙ ውስጥ ወይም በሞባይል ማማው ላይ ከሆነ ራውተራችን የፈለገውን ያህል ጨዋ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ወረፋውን በግድ ወደ እኛ ሣጥን ማምጣት ያስፈልጋል። ይህም የሚሆነው የራውተሩን ፍጥነት ከመስመሩ ፍጥነት ጥቂት ዝቅ አድርጎ በመወሰን ነው። ለምሳሌ ያህል መስመሩ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሲለካ 5 ሜጋ ቢት ከሆነ ራውተሩ ላይ 4.5 ብለን እንሞላለን፤ ለሚመጣውም ለሚሄደውም ለየብቻ። አሥር ከመቶውን በፈቃዳችን እንተዋለን ማለት ነው። «ጠቦብናል እየተባለ እንዴት እንቀንሳለን?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን በዚያች አሥር ከመቶ የምንገዛው የወረፋውን ቁልፍ ነው።

የሞባይል መስመር ፍጥነቱ እንደማይጸና እንደሚታወቀው ነው። በተለይ በቋራና በመተማ ቆላ በጥቅምትና በኅዳር ለሰሊጥ አጨዳ ብዙ የቀን ሠራተኛ ሲገባ ማማው ይጨናነቃል። በክረምት የተሞላው ቁጥር በዚያን ጊዜ አይሠራም፤ ስለዚህ እንደገና ተለክቶ ዝቅ መደረግ አለበት። ማማው ራሱ ከተጨናነቀ ወይም መስመሩ ጨርሶ ከተቋረጠ ግን ይህ ዘዴ አያድንም፤ ያኔ የመስመር ጉዳይ ነው። ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። በ1 ሜጋ ቢት መስመር አንድ ባለ 1500 ባይት ፓኬት ብቻውን 12 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ የ5 ሚሊ ሴኮንዱ ደንብ በዚህ መስመር ላይ ሊሟላ አይችልም፤ ወደ 15 ከፍ መደረግ አለበት። ኬክ ይህንን ራሱ አስልቶ ያስተካክለዋል።

አዲስ ራውተር ይገዛ የሚሉትን ጓደኞቻችንን በሚመለከት አንድ ነገር እንበል። የፕሮሰሰር አቅም የሚያስቸግረው መስመሩ ፈጣን ሲሆን ነው። በ100 ሜጋ ቢት መስመር ላይ ትልልቅ ፓኬቶች ሲያልፉ በሴኮንድ 8,000 ያህል ናቸው፤ ሁሉም እጅግ ትንንሽ ከሆኑ ግን 148,000 ይደርሳሉ፤ ለትንሽ ፕሮሰሰር ይህ ፈተና ነው። ቀድሞ ሊኑክስ በእያንዳንዱ ፓኬት መምጣት ሥራውን አቋርጦ ይነሣ ነበር፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ወጡን ትቶ እንደሚሮጥ ማለት ነው። ኋላ ግን ናፒ በሚባለው ዘዴ፣ እንግዳ ሲበዛ በሩን ክፍት አድርጎ በቡድን በቡድን ማስገባት ጀመረ። በፈጣን መስመር ያሉ ሰዎች ደግሞ ፓኬቱ በፕሮሰሰሩ በኩል ሳያልፍ በአቋራጭ እንዲሄድ ያደርጋሉ። ይህ አቋራጭ ከወረፋ ሥርዓቱ ጋር አብሮ አይሄድም፤ በአቋራጭ የሚያልፍ ፓኬት ወረፋ ውስጥ አይገባምና። የእኛ መስመር ጥቂት ሜጋ ቢት ስለሆነ አቋራጩ ይዘጋ፤ አያስፈልገንም። መስመሩ ዘገምተኛ በሆነ መጠን አሮጌዋ ሣጥን ይበልጥ ትበቃለች።

ሁለተኛው የመዘግየት ምንጭ አየሩ ነው። ዋይፋይ የሚጋሩት ሁሉ በየተራ ነው የሚናገሩት። ከግቢው ዳር ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ሲግናሉ ስለሚደክም ስልኩ እስከ 1 ሜጋ ቢት ሊወርድ ይችላል፤ የእሱ አንድ ፓኬት አየሩን 12 ሚሊ ሴኮንድ ይይዘዋል። በ54 ሜጋ ቢት የሚናገር ጎረቤቱ ግን ያንኑ ፓኬት ከአንድ ሚሊ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። አንድ ሩቅ ሰው ብዙ ቅርብ ሰዎችን ያስቆማል ማለት ነው። ራውተሩ ላይ የድሮዎቹ ዝቅተኛ ፍጥነቶች ሊዘጉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሩቅ ያለው ወይ ይቀርባል ወይ ይለያያል። ደስ የማያሰኝ ፍርድ ነው፤ ግን ዛፉ ሥር ያለው ጓደኛችን ተነሥቶ ሃያ እርምጃ ቢራመድ አይሞትም!

የቆላው ሙቀትም ይቆጠር። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በበጋ ቀትር የተሰቀለች ሣጥን ስትግል ብዙ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ወይም ሣጥኗ ጠፍታ ትነሣለች። ከጣሪያው ዝቅ ብላ፣ አየር በሚያገኛት ግድግዳ ላይ፣ ምንም ሳይደረብባት ትሰቀል። በዳንቴል የተሸፈነች ራውተር አይተናል፤ ዳንቴሉ ለቴሌቪዥን ይሁን።

ይህን ሁሉ ማወቃችን ለማታው መልእክት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተፈታኞች በኮምፒዩተር አማካይነት በኦንላይን ተሰጥቷል። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት «መምህር፣ አልከፈት አለኝ» የሚለው ተማሪ ዓይኑን የሚጥለው በእኛ ላይ ነው። ኔትዎርክ በሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ራስፕቤሪ ፓይ የተባለችውን ትንሽ ኮምፒዩተር ተክሎ፣ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለክፍሉ ማዳረስ ይቻላል። እሷም የምትሠራው በሊኑክስ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የዕቃው ዓይነት ይመረመር። የፓይ 3 የኬብል መስመር በ100 ሜጋ ቢት የተወሰነ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣችው ፓይ 4 እስከ 1000 ትደርሳለች። ለአንድ ክፍል ተማሪ ጽሑፍ ለማንበብ የመጀመሪያዋም ትበቃለች፤ ቪዲዮ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ከተባለ ግን ትጨነቃለች።

እንግዲህ ለመዋጮው ውሳኔ የሚረዳ ፈተና እናቅርብ። ማንም ሰው ስልኩ ላይ ፒንግ የሚባለውን መለኪያ ይጫን። በመጀመሪያ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠቀም፣ መልሱ በስንት ሚሊ ሴኮንድ እንደሚመጣ ይጻፍ። ቀጥሎ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል እንዲልክ፣ ሌላውም እንዲያወርድ ተደርጎ እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ከአሥሮች ወደ ሺዎች ከዘለለ በሽታው ወረፋ ነው፤ ፓኬጅ ብንገዛም ወረፋው ይከተለናል። ቁጥሩ ብዙም ሳይለወጥ ፋይሉ ብቻ ከዘገየ ግን መስመሩ በእርግጥ ጠቧል፤ ያን ጊዜ እኛም መዋጮውን ቀድመን እንከፍላለን።

ወረፋ ሆኖ ከተገኘ በቅድሚያ በራውተሩ የማስተካከያ ገጽ ላይ የፍጥነት ገደብ መኖሩ ይታይ። ከሌለ ኦፕን ደብልዩ አር ቲ ሊጫን ይችላል፤ ነገር ግን የሣጥኗ ሞዴል በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ አስቀድሞ ይረጋገጥ። 4 ሜጋ ባይት ማከማቻና 32 ሜጋ ባይት ሜሞሪ ብቻ ያላቸው አሮጌዎች አዲሱን ፕሮግራም አይችሉም፤ ቢያንስ 8 እና 64 ያስፈልጋል። ሥራው የሚሠራውም በኃላፊው ፈቃድና የኮምፒዩተር መምህራችን ባሉበት ነው። አንድ አደራ አለን፦ ፕሮግራሙ በሚጫንባቸው ጥቂት ደቂቃዎች መብራት ከሄደ ሣጥኗ ዳግመኛ ላትነሣ ስለምትችል፣ ራውተሯ ከግድግዳው ተነቅላ በባትሪ ላይ ትሰካ። የመለኪያውን ውጤት የምንጽፍበት ባዶ ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፈናል፤ ሰዓቱንና የተቀመጣችሁበትን ቦታ ጨምራችሁ ሙሉበት።